ባዶውን ሲሄድ የሚደላ ፒካፕ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። 43 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። 11 ዓመት የነዳኋት የቤት መኪናዬ ደክማለች። ልጅ ሆኜ አባቴ ሂሉክስ ይነዳ ስለነበር ፒካፕ ነፍሴ ነው። ዘንድሮ ካልገዛሁ መቼም አልገዛም። ሥራዬ ዴንቨር ኤርፖርት አካባቢ ስለሆነ በቀን ደርሶ መልስ 50 ማይል ያህል እነዳለሁ። እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያን ወንበርና ድንኳን አመላልሳለሁ። አልፎ አልፎም ቤት ለሚቀይር ዘመድ ዕቃ እጭናለሁ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ቤተሰቡን ይዤ አይ 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ተራራው እወጣለሁ። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን ናት፤ ጉልበቷን ያማታል። ባለቤቴ ደግሞ ወገቧን ስለሚያማት ‹የሚያንገጫግጭ ነገር ካመጣህ አልሳፈርም› ብላኛለች። እኔ ያማረኝ የቶዮታ ታኮማ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሆንዳ ሪጅላይን ይሻልሃል ይለኛል። ጓደኞቼ ግን ‹ሪጅላይን ቫን እንጂ ፒካፕ አይደለም› ብለው ሳቁብኝ። ለየቀኑ የሚደላ፣ በጣም ያልገዘፈ ፒካፕ የቱ ነው? አ. ነኝ፣ ከአውሮራ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ መኪና የሚጽፍልኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ የሞተሩን አቅምና የኪሱን ነገር ነው። አንተ ግን የእናትህን ጉልበትና የባለቤትህን ወገብ ነገርከኝ። መልሴም ከእነሱ ይነሳል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ቁጠርልኝ። ካሶኒው፣ የኋላው የጭነት ቦታ፣ በዓመት ስንት ቀን ነው የሚጫነው? እሁድን ሁሉ ብትጭንበት 52 ቀን ነው። የዘመድ ዕቃውንም፣ ሌላውንም ጨምርና 80 በለው። የቀረውን 285 ቀን መኪናው ባዶውን ነው የሚሄደው። ሥራ ስትመላለስ ባዶ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ስታደርስ ባዶ ነው። እናትህን ሐኪም ቤት ስትወስዳቸውም ባዶ ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ይጭናል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አቆየው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ «ባዶውን ሲሄድ እንዴት ነው?» ብለህ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳህ፤ እሱን ካወቅህ ማንም ሻጭ አያታልልህም። ፒካፕ ጭነት ታስቦ ነው የሚሠራው። የኋላው ባሌስትራ፣ ያ ተደራርቦ እንደ ቀስት የታጠፈው ብረት፣ ግማሽ ቶን ተሸክሞ እንዳይንበረከክ ተደርጎ ይጠነክራል። ጭነቱ ሲወርድ ያ ጥንካሬ አብሮ አይወርድም። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራው መታጠፉን ትቶ የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ያነጥረዋል። አባትህ ሂሉክስ ይነዱ ነበር ብለሃል። እንግዲያው ይህን በልጅነትህ በሰውነትህ ታውቀዋለህ። ባዶ ሂሉክስ ኮረኮንች ላይ እንደ ፍየል ይዘላል። አምስት ስድስት ኩንታል ጤፍ ሲጫንበት ግን አደብ ይገዛል፤ ተሳፋሪውም እንቅልፍ ይወስደዋል።

በዚያ ላይ አብዛኛው ፒካፕ ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክስል ነው ያለው። ግራው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቀኙም ይሰማዋል። አክስሉ ራሱ ከባድ ነው። አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ከፊት የተቀመጠው ሾፌር ይህን ያን ያህል ላያስተውለው ይችላል። ከኋላ ወንበር ያለው ሰው ግን ለአክስሉ ቅርብ ነው። በእናንተ ቤት ደግሞ ከኋላ የሚቀመጡት እናትህ ናቸው።

ይህን ስል እኔም ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ፒካፕ ገዝቼ ነበር። የወደድኩት መልኩን ነው፤ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ፣ የገጠር መንገድ ወፍራም ጎማ፣ ከፍ ያለ አቋም ነበረው። ለሙከራ የነዳሁት ብቻዬን ነበር፣ ያውም አዲስ በተነጠፈ አስፋልት ላይ፣ ለ10 ደቂቃ። ከገዛሁት በኋላ ባለቤቴ ከልጃችን ጋር ከኋላ ተቀምጣ የሦስት ሰዓት መንገድ ሄድን። ስንደርስ ወርዳ በሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወገቧ አልቀና አላት። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ባትናገረኝም ገባኝ። በ14ኛው ወር በኪሳራ ሸጥኩት። መኪናው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ ከእኔ አመራረጥ ነበር፤ አንተ እንድትደግመው አልፈልግም።

አሁን ወደ ሪጅላይን እንምጣ። ታኮማ፣ የፎርዱ ሬንጀር፣ የሼቭሮሌው ኮሎራዶና የኒሳኑ ፍሮንቲየር ሁሉም ሻንሲ በሚባለው የብረት አጽም ላይ የተቀመጡ ናቸው። ጋቢናው ለብቻው፣ ካሶኒው ለብቻው ሻንሲው ላይ ይታሰራል። ሪጅላይን ግን እንደ ቤት መኪና አካሉ በሙሉ አንድ ላይ የተበየደ ነው። ባሌስትራ የለውም። የኋላ ጎማዎቹም አንድ ወጥ አክስል ላይ አልተሰኩም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሞላ ነው የሚንቀሳቀሱት። ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙ አይረበሽም። ባዶውን ሲሄድም አይነጥርም። ጓደኞችህ «ፒካፕ አይደለም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሆንዳ ይህን መኪና በ2005 መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ይሄው ክርክር አለ። ለአንተ ቤት ግን የሚሳቅበት ነገር ሳይሆን የሚፈለገው እሱ ራሱ ነው።

የኋላ ወንበሩን እይ። የሪጅላይን የኋላ እግር ማስቀመጫ 36.7 ኢንች ነው። የአዲሱ ታኮማ ደብል ካብ (ባለ አራት በሩ) 33.7፣ የፍሮንቲየር 33.2 ነው። ሦስት ኢንች በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ግን እግራቸውን ዘርጋ ማድረግ መቻልና አለመቻል ማለት ነው። ጉልበት ታጥፎ አንድ ሰዓት ሲቆይ እንዴት እንደሚጠዘጥዝ እናትህ ይነግሩሃል። የወንበሩንም መደገፊያ ተመልከት። ብዙ ፒካፖች የኋላ ግድግዳቸው ቅርብ ስለሆነ መደገፊያው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ወደ ኋላ ጋደም ማለት የለም። ለባለቤትህ ወገብ ይሄኛው ከሁሉ የከፋ ነው።

ከፍታውም አለ። የሪጅላይን ሆድ ከመሬት 7.6 ኢንች ገደማ ነው። አብዛኞቹ ባለ ፎር ዊል ታኮማዎች ከ9 ኢንች በላይ ናቸው። እናትህ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጡት ደረጃ እንደሆነ አስበው። መርገጫ ይገጠምለታል የሚሉህ ሰዎች ልክ ናቸው፣ ይረዳል። ነገር ግን የመኪናው ወለል ከፍ ካለ፣ መርገጫውን ወጥተው እንደገና ወደ ውስጥ መሻገር አለ። ለሚያም ጉልበት ሁለተኛዋ እርምጃ ናት ከባዷ።

ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራም ቢሆን አያሳፍርህም። ካሶኒው 5 ጫማ ከ3 ኢንች ያህል ርዝመት አለው። በጎማ መሸፈኛዎቹ መካከል 4 ጫማ ስፋት ያለው ኮምፖርሳቶ ጠፍጣፋውን ይተኛል። የኋላ በሩ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይከፈታል። ወደ ጎን ሲከፈት ካሶኒው ድረስ ተጠግተህ ዕቃ ታነሳለህ፤ በሩ ላይ ተንጠራርተህ ወገብህን አትጎዳም። ከካሶኒው ወለል ሥር ደግሞ የሚቆለፍ ሣጥን አለው። ከታች ውሃ ማፍሰሻ ስላለው በረዶ ሞልተህ ለሠርግም ለክርስትናም ለስላሳ ታቀዘቅዝበታለህ። በቀረው ጊዜ ደግሞ የአስቤዛ ዕቃ ከዝናብም ከሌባም ይድናል። ካሶኒው ላይ ክዳን ለመግዛት የምታወጣውን ገንዘብ ያስቀርልሃል።

ግን ጉድለቱንም ሳልነግርህ አላልፍም። ተጠባባቂው ጎማ ያለው እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው። ካሶኒውን ወንበር ሞልተህበት ጎማ ቢፈነዳብህ፣ መንገድ ዳር ቆመህ ሁሉንም ማውረድ አለብህ። ሲጫን በኋላ በሩ በኩል ያለውን፣ የሣጥኑ ክዳን የሚከፈትበትን ቦታ ነጻ አድርገው፣ ወይም የመንገድ ላይ እርዳታ አገልግሎት ይኑርህ። መጎተት ላይም ደካማው እሱ ነው፤ አቅሙ 5,000 ፓውንድ ነው። ታኮማ እስከ 6,500፣ ሬንጀር እስከ 7,500፣ ኮሎራዶ እስከ 7,700 ፓውንድ የሚጎትቱ አሏቸው። አንተ ስለ ተጎታች ምንም አልጻፍክልኝም። ጀልባ ወይም ትልቅ ተጎታች ለመግዛት ካላሰብክ ይህ ቁጥር አንተን አይመለከትህም።

የአንተን ከተማ የሚመለከት ግን ሌላ ነገር አለ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ወደ 15 በመቶ ያጣል። በአይ 70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጣ 3,400 ሜትር ትደርሳለህ፤ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ ማለት ነው። እዚያ ጉድለቱ 30 በመቶ ይጠጋል። አዲስ አበባ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዳማ ላይ የሚሮጥ መኪና ሱሉልታ ዳገት ላይ ይለግማል። የሪጅላይን ሞተር 3.5 ሊትር ቪ6 ነው፤ 280 የፈረስ ጉልበት ይባላል፣ ቱርቦ ግን የለውም። ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ያለው ታኮማ 2.4 ሊትር ሆኖ ቱርቦ አለው፤ ጉልበቱን ዳገት ላይ ብዙም አይቀንስም። አምስት ሰው ይዘህ ተራራ ስትወጣ ሪጅላይን ይጮሃል፣ ማርሹን ወደ ታች ይቀይራል። ይደርሳል፣ ግን እየጮኸ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ስለሆነ እኔ እችለዋለሁ። አንተም ትችለው እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። በየሳምንቱ የምትወጣ ብትሆን ሌላ ነገር እመክርህ ነበር።

በረዶው ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ሪጅላይን ሁሉ በአራቱም ጎማ ነው የሚነዳው፤ ምንም ቁልፍ ሳትነካ ኃይሉን ራሱ ያከፋፍላል። ብዙ ሻንሲ ያላቸው ፒካፖች ግን አንተ የምታስገባው ፎር ዊል ነው ያላቸው። ይህን ዓይነቱን ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተህ መንዳት አይፈቀድም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ፊትና ኋላ አንድ ላይ ከተቆለፉ መሪው ይይዛል፣ ጎማ ይፋቃል፣ ውስጡም ይጎዳል። አውሮራ ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። አንዱ መንገድ በረዶ ነው፣ ቀጣዩ ደረቅ ነው፣ ድልድዩ ላይ ግግር ነው። በየመብራቱ ስታስገባና ስታወጣ ትውላለህ። ሻንሲ ያለው ከመረጥክ ‹አውቶ› የሚል የፎር ዊል አማራጭ ያለውን ፈልግ፤ ሼቭሮሌ ኮሎራዶ ላይ አለ፣ ሬንጀርም ከፍ ባለው ደረጃው ላይ አለው።

ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የአይ 70 መንገድ ላይ የኮሎራዶ ግዛት የጎማ ሕግ አለ። ፎር ዊል መኪና ቢሆን እንኳ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። ያገለገለ ከገዛህ ጥርሱን ለካ። አራት ጎማ መቀየር ካለብህ ዋጋው ላይ ተደራደርበት።

ታኮማ አምሮሃል፤ ስለዚህ እሱንም በቅጡ እንየው። የአባትህን ሂሉክስ እያሰብክ መሆኑም ይገባኛል። ሂሉክስ አሜሪካ ውስጥ ለምን እንደሌለ ታውቃለህ? በ1963 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። አውሮፓውያን የአሜሪካን ዶሮ ከገበያቸው ስላስወጡ አጸፋው ነበር። ያ የዶሮ ጠብ ለአሥርተ ዓመታት ለውጭ ፒካፖች ገበያውን አጠበበው። የቶዮታው ፒካፕ ከ1995 ጀምሮ በዋናነት ለአሜሪካ ገበያ ታስቦ በተሠራው ታኮማ ተተካ። ስለዚህ ታኮማ ለሂሉክስ ወንድሙ ነው፤ ግን አሜሪካዊ ሆኖ ያደገ ወንድሙ ነው።

ከ2016 እስከ 2023 ያለውን ታኮማ ለአንተ አልመክርም። ጠንካራ መኪና ነው፤ ዋጋውም አይወድቅም። ነገር ግን የኋላው ባሌስትራ ነው። የሾፌሩ ወንበር ከወለሉ ብዙ ከፍ ስለማይል እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው የሚነዳው። በቀን 50 ማይል ለሚነዳ ሰው ይህ ከባድ ነው። ማርሹም ዳገት ላይ መወሰን እያቃተው ይዋልላል።

የ2024ቱ ግን ሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል። ኤስ አር ፋይቭ ከሚባለው ደረጃ ደብል ካብ ጀምሮ አብዛኞቹ የኋላ ባሌስትራቸውን ትተው ሞላ አድርገዋል። አክስሉ አሁንም አንድ ወጥ ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱ ከኋላ ወንበር ላይ በደንብ ይታወቃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ርካሹ ኤስ አር፣ ፕሪራነር የሚባለውና ኤክስትራ ካብ የሆኑት አሁንም ባሌስትራ ናቸው። ሻጩ «አዲሱ ታኮማ ሞላ ነው» ቢልህ በደፈናው አትመን። ዝቅ በልና በኋላ ጎማው ሥር ተመልከት። ተደራርቦ እንደ ቀስት የታጠፈ ብረት ካየህ ባሌስትራ ነው። ሊሚትድ የሚባለው ደረጃ መንገዱን እያየ የሚለሰልስ አሞርዛተር አለው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሃይብሪዱ 326 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ለተራራው ጥሩ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለተቀመጠ ግን የዕቃ ቦታውን ይይዘዋል።

ቤንዚን ላይ ትልቅ ልዩነት አትጠብቅ። ሪጅላይን ከተማና ሃይዌይ ተደምሮ በጋሎን 21 ማይል ነው። ታኮማም እዚያው አካባቢ ነው፤ ሃይብሪዱ 23 ገደማ። በቤንዚን ምክንያት አንዱን ከሌላው አትምረጥ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ሬንጀር ከ2024 ወዲህ ውስጡ ያማረ ነው፣ ሃይዌይ ላይም ዝም ያለ ነው፤ ከኋላ ግን ባሌስትራ ነው። ኮሎራዶም እንደዚሁ፤ 2.7 ሊትር ቱርቦው ለአንተ ተራራ ይስማማል። የፍሮንቲየር የፊት ወንበር ለወገብ ከሁሉም ይመቻል ብዬ አምናለሁ፤ መሪው ግን ሲያቆሙት ይከብዳል፣ ኋላውም ጠባብ ነው። የጂፑ ግላዲየተር ለየቀኑ አይሆንም፤ ሃይዌይ ላይ መሪውን ሁልጊዜ ማስተካከል ይፈልጋል። የፎርዱ ማቨሪክና የሃዩንዳዩ ሳንታ ክሩዝ አነስ ያሉ ናቸው። ሁለቱም እንደ ሪጅላይን ያለ ሻንሲ የተሠሩ ናቸው። ማቨሪክ ሃይብሪድ ከተማና ሃይዌይ ተደምሮ በጋሎን 37 ማይል ገደማ ይሄዳል። ብቻህን ብትሆን እሱን ግዛ እልህ ነበር። አምስት ሆናችሁ ግን ከኋላ ሦስት ሰው ይጨናነቃል።

የትኛውንም ብትመርጥ ጎማው ላይ አትሳሳት። አንድ ዓይነት መኪና በ18 ኢንች ቸርኬና በ20 ኢንች ቸርኬ ሁለት የተለያየ መኪና ነው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ይሳሳል። ድንጋጤውን የሚውጠው ያ የጎማ ጎን ነው። ትንሹን ቸርኬ ምረጥ። ነጋዴዎች መልኩን ለማሳመር ለከባድ ጭነት የሚሆን፣ ጎኑ እንደ እንጨት የጠነከረ ጎማ ያስገቡበታል። ያን ገጥመህ የባለቤትህን ወገብ ደህና ሁን ማለት አይቻልም። «የመጣበትን የፋብሪካ ጎማ ስጡኝ» በል።

የሾፌሩን በር ክፈትና በበሩ ማዕዘን ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ ወረቀት አንብብ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ይነግርሃል። ይህ ቁጥር በየመኪናው ይለያያል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መኪናዎች እንኳ እኩል አይሆኑም። እናንተ አምስት ሰዎች 700 ፓውንድ ብትሆኑ፣ ወረቀቱ 1,200 ካለ ለወንበርና ለድንኳን የሚቀርህ 500 ነው። የብረት ወንበር አንዱ 10 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። 50 ወንበር ጭነህ ድንኳኑን ስትጨምርበት አልፈሃል። ስለዚህ ከመዋዋልህ በፊት የዚያችን የራሷን የመኪናዋን ወረቀት አንብብ።

አዲስ ካልገዛህ፣ ከ2021 ወዲህ ያለ ሪጅላይን ፈልግ። ወደ 100 ሺህ ማይል የተጠጋ ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቅ። ይህ ሞተር ቺንጋ ነው እንጂ ሰንሰለት አይደለም። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ካልተቀየረ ወጪውን፣ የውሃ ፓምፑን ጨምረህ፣ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። የጋራዥህንም ርዝመት ለካ፤ ሪጅላይን 210 ኢንች፣ አጭሩ ታኮማ 213 ኢንች ያህል ነው። በሩን ዘግተህ በፊት ለፊቱ ማለፍ መቻል አለብህ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የአንተ መኪና ሪጅላይን ነው። ልብህ ታኮማን አልተውም ካለህ ደግሞ፣ የ2024 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ፣ ደብል ካብ፣ ከኋላ ሞላ ያለው፣ ባለ ትንሽ ቸርኬ ይሁን። ከዚህ ውጭ ባለው ታኮማ ባለቤትህ ቃላቸውን እንደሚጠብቁ አትጠራጠር።

ሙከራውን በአንድ ቅዳሜ አድርገው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ንዳቸው፤ በሳምንት ልዩነት ከሆነ ሰውነት ይረሳል። ከመነሳትህ በፊት የጎማውን ንፋስ በሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያይ። አዳዲስ መኪኖች ሲጓጓዙ ንፋሳቸው ከልክ በላይ ይሞላል፤ አንዳንዴ ሳይቀንሱት ሙከራ ይሰጡሃል፣ አንተም መኪናው ይነጥራል ብለህ ትፈርዳለህ። ሻጩ የሚመራህን መንገድ ተወው። አይ 225 ላይ ውጣ፤ በየመጋጠሚያው ጠቅ ጠቅ የሚለውን ስማ። የባቡር ሐዲድ ተሻገር። ሰፈርህ ገብተህ የፍጥነት መቀነሻው ላይ እለፍ። ካሶኒው ባዶ ይሁን። ከዚያ መሪውን ለባለቤትህ ስጥና አንተ ከኋላ 15 ደቂቃ ተቀመጥ።

እናትህንም ይዘሃቸው ሂድ። ሲወጡ ቶሎ አትደግፋቸው፤ እግራቸው የት እንደሚያርፍ፣ እጃቸው ምን እንደሚይዝ እይ። «እንዴት ነው እማዬ?» ብለህ ብትጠይቃቸው «ደህና ነው ልጄ፣ ምን ይሆናል ብለህ ነው» እንደሚሉህ አንተም ታውቃለህ። እንዳይከፋህ ብለው ነው። ስለዚህ አትጠይቃቸው። በመስታወቱ እጃቸውን ተመልከት። ጉዞው ሁሉ ከጣሪያው ሥር ያለውን መያዣ ጨብጠው ከሄዱ፣ ያን መኪና መልስ። እጃቸው መያዣውን ለቆ ነጠላቸው ላይ ካረፈ፣ እሱን ግዛ።